ስምንት ዘፈን በአንድ ትንፋሽ

ባለፈው እትም ስለ ሜድሊ፣ ማለትም ብዙ ዘፈን ሳያቋርጡ አያይዞ ስለ መጫወት፣ ስንጨዋወት፣ የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ «አቤይ ሮድ» ሸክላ ሁለተኛ ገጽ የሚዘጋበት ሜድሊ ከሰማኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል ብዬ ሳላብራራ አልፌ ነበር። ያቺ አንድ መስመር የደብዳቤ ናዳ አመጣችብኝ። አንዳንዶቻችሁ «አበጀህ!» ብላችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሽማግሌ የወጣትነቱን ሙዚቃ ሲያሞግስ አዲስ ነገር አይደለም ብላችኋል። ዛሬ ዓምዱን ሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። ስለ ክራር ክር አመራረጥ የጠየቁኝ ወንድም እስከሚቀጥለው እትም ይታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በእርስዎ ምክር አልበሙን ስልኬ ላይ ከፍቼ አዳመጥኩት። እውነቱን ልንገርዎት? «ሚን ሚስተር መስታርድ» አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ «ፖሊቲን ፓም»ም ከዚያ እምብዛም አይበልጥም። ልወደው ስል ያልቅብኛል። ጀምረው የተዉዋቸው ዘፈኖች ነው የሚመስሉት። ሰው ሁሉ ምኑን ነው እንዲህ የሚያደንቀው? (ከገርጂ)

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ ጀምረው የተዉዋቸው ናቸው። ይህን ሲሏቸው የሚቆጡ አድናቂዎች አሉ፤ እኔ ግን የነገሩ መጀመሪያ እሱ ነው እላለሁ። የጠቀስሻቸውን ሁለቱን ጆን ሌነን የጻፋቸው እ.ኤ.አ. በ1968 ባንዱ ህንድ በከረመበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት 30 ዘፈን የያዘ ድርብ ሸክላ ሲያወጡ እንኳ ሁለቱ ቦታ አላገኙም። ፖል ማካርትኒም በበኩሉ ጀምሮ ያልጨረሰው ብዙ ነበረው። በ1969 ክረምት ፖልና ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ማርቲን ያደረጉት፣ ለየብቻቸው የትም የማይደርሱትን ነገሮች ሰብስቦ አንድ ረጅም ሙዚቃ ማድረግ ነው። ስለዚህ «ሚን ሚስተር መስታርድ»ን ለብቻው አውጥተሽ «ቀላል ነው» ብትይ አልከራከርሽም። ሌነን ራሱ ኋላ በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች እነዚህን ዘፈኖቹን ሲያጣጥላቸው ነው የኖረው፤ ሜድሊውንም ቁርጥራጭ እንደተገጣጠመበት ነገር እንጂ እንደ ትልቅ ሥራ አላየውም።

አሁን ነገሩን ከኛ ሜድሊ ጋር አስተያይው። ሠርግ ላይ ባንዱ ሜድሊ ሲጀምር ዘፈኖቹን ሁሉ ሰው ያውቃቸዋል። ኪቦርዱ የጉራጊኛውን መግቢያ ገና ሁለት ጊዜ ሳይደግም ሰው ወንበሩን ለቆ ተነሥቷል። ድራመሩ ቺክቺካውን ሲይዝ ደግሞ ሌላው ይነሣል። እኔ ለዓመታት በሆቴል ባንድ ድራም ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያ ሜድሊ ግማሽ ሥራውን የሚሠራለት የአድማጩ ትዝታ መሆኑን ከመድረክ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። «አቤይ ሮድ» ላይ ግን አድማጩ ከስምንቱ ዘፈን አንዱንም ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም። የሚያስታውሰው ነገር የለውም። እንግዲህ ሜድሊው የራሱን ትዝታ እዚያው በዐሥራ ስድስት ደቂቃ ውስጥ ፈጥሮ፣ ወዲያው መልሶ ሊያስታውስሽ ነው የተነሣው። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

እንዴት እንዳደረጉት ልንገርሽ። መነሻው «ዩ ኔቨር ጊቭ ሚ ዩር መኒ» ነው። ፖል በፒያኖ ብቻውን፣ ዝግ ብሎ፣ የገንዘብ ወቀሳ ያሰማል። ወቀሳው እንዲያው የመጣ አይደለም፤ በዚያ ወቅት አፕል የተባለው የራሳቸው ኩባንያ ገንዘብ እየፈሰሰበት ነበር። ሦስቱ ጓደኞቹ አለን ክላይን የተባለውን አሜሪካዊ ሥራ አስኪያጅ ሲቀበሉ ፖል አሻፈረኝ አለ። ዘፈኑ ውስጥ ገንዘብ የጠየቀ ሰው የሚሰጠው ወረቀት ነው። ከዚያ ይህ አንድ ዘፈን ራሱ ሦስት አራት ጊዜ መልኩን ይለውጣል፤ በመካከል የመጠጥ ቤት ፒያኖ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሩጫ ያለበት ጊታር፣ በመጨረሻም እየቆጠሩ የሚዘፍኑት የልጆች ዜማ። ዜማውን ያዢው፤ በተለይ የመግቢያውን።

ከዚያ ወደ «ሰን ኪንግ» የሚወስደው ድልድይ አለ። መጀመሪያ ያሰቡት አንድ የኦርጋን ድምፅ ሁለቱን እንዲያገናኝ ነበር። ኋላ ግን ፖል ራሱ ያዘጋጃቸውን የቴፕ ቁርጥራጮች ይዞ መጣ፤ ደወል፣ የፌንጣ ድምፅ፣ ሌላም ሌላም። ከገንዘብ ጭቅጭቅ ወጥተሽ በሞቃት ሌሊት ሜዳ ላይ የቆምሽ ነው የሚመስልሽ። «ሰን ኪንግ» መጨረሻው ላይ ስፓኒሽ የሚመስል ነገር ይዘፍናል፤ ትርጉም አትፈልጊለት፣ አፋቸው ላይ የመጣውን የውጭ ቃል ነው የደረደሩት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሜድሊው በሙሉ በመቀስና በሙጫ የተሠራ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። «ሰን ኪንግ» እና «ሚን ሚስተር መስታርድ» ከመጀመሪያው እንደ አንድ ዘፈን ተያይዘው ነው የተቀረጹት፤ ባንዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር በእጁ ተጫውቶ ነው። «ፖሊቲን ፓም» እና «ሺ ኬም ኢን ስሩ ዘ ባዝሩም ዊንዶው»ም እንዲሁ በማግስቱ አንድ ላይ ተቀረጹ። «ጎልደን ስለምበርስ» እና «ካሪ ዛት ዌይት»ም አንድ ላይ ናቸው። መቀስ የገባው እነዚህ ጥንዶች በሚጋጠሙበት ቦታ ብቻ ነው። «ፖሊቲን ፓም» መጨረሻ ላይ ምቱ ቀስ በቀስ ዘና ሲልና ወደ ቀጣዩ ሲወርድ ስሚው፤ አራት ሰው ዓይን ለዓይን እየተያየ ካልሆነ እንዲህ አይወርድም። ድራመር ነኝና ይመኑኝ።

ግጥሙም እርስ በርሱ እንዲጠራራ ተደርጓል። ሌነን ህንድ እያለ የሚስተር መስታርድን እህት ሸርሊ ብሎ ነበር የሰየማት። ቀጣዩ ዘፈን ስለ ፓም መሆኑ ሲታወቅ የእህትየውን ስም ፓም አደረገው። በአንዲት ስም ሁለቱ ዘፈኖች ዘመዳሞች ሆኑ።

«ጎልደን ስለምበርስ» ሲመጣ ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል። ግጥሙ የፖል ሙሉ ድርሰት አይደለም። ቶማስ ዴከር የተባለ እንግሊዛዊ በ1603 በታተመ ተውኔት ውስጥ ያለ እሹሩሩ ነው። ፖል አባቱ ቤት ፒያኖው ላይ የሙዚቃ መጽሐፍ ተዘርግቶ አገኘ፤ ግጥሙን ወደደው፤ ኖታ ማንበብ ስለማይችል ግን የጥንቱን ዜማ ሊጫወተው አልቻለም። የራሱን ዜማ አወጣለት። ይህ ሲቀረጽ ሌነን አልነበረም፤ ስኮትላንድ ውስጥ የመኪና አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ቤዙን የያዘው ጆርጅ ሃሪሰን ነው።

እሹሩሩው ሳያልቅ ብዙ ድምፅ በአንድነት «ካሪ ዛት ዌይት» ብሎ ይነሣል፤ የድራመሩን የሪንጎን ወፍራም ድምፅ ለይተሽ ትሰሚዋለሽ። እና በመካከሉ፣ ትራምፔቶቹ ሲገቡ፣ ያ የመጀመሪያው የገንዘብ ዜማ ተመልሶ ይመጣል! ሌላ ግጥም ለብሶ፣ ከፒያኖ ወጥቶ በኦርኬስትራ ታጅቦ። ያዢው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ከዐሥር ደቂቃ በፊት ገና የተዋወቅሽው ዜማ ነው፤ ነገር ግን ስትሰሚው የልጅነት ዘፈንሽን የሰማሽ ያህል ይሰማሻል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የዚያው የመጀመሪያው ዘፈን መጨረሻ ላይ የነበረው ጊታር ይመለሳል። አድናቂዎች «ፀጉሬ ይቆማል» የሚሉት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። የኔም እዚሁ ነው።

አንድ ምክር፤ ስልክሽ ላይ ሻፍሉን (ዘፈኖቹን የሚያደበላልቀውን) አጥፊው። ከ«ዩ ኔቨር ጊቭ ሚ ዩር መኒ» ጀምረሽ ሳትነኪው እስከ መጨረሻው ተዪው። አፑ በዘፈኖች መካከል ዝምታ የሚያስገባ ከሆነም ሌላ ፈልጊ፤ የተቆራረጠ ሜድሊ ሰምተሽ አልወደድኩትም ብትይ አልፈርድብሽም።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ እራት ተወራርደናል። «ዚ ኤንድ» ላይ ሊድ ጊታሩ ይቀባበላል። እሱ «ሁሉም ጆርጅ ሃሪሰን ነው፣ ሊድ ጊታሪስቱ እሱ አይደል?» ይላል። እኔ ቢያንስ ሁለት ሰው ነው እላለሁ። ማን ያብላ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ጓደኛዎ ያብላ፤ እርስዎም ግን ቁጥሩን አሳንሰውታል። ሦስት ናቸው። ቅደም ተከተሉ ፖል፣ ጆርጅ፣ ጆን ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ባር (የምት መስፈሪያ) እየተጫወተ ሦስት ዙር ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ፒያኖው ብቻውን ይቀራል።

ለመለየት አያስቸግርም። የመጀመሪያው ሹል ነው፣ ከፍ ብሎ የሚጮህ፤ የቤዝ ጊታሪስቱ ፖል በሊድ ሲመጣ እንዲህ ነው። ሁለተኛው ክሩን እየጎተተ፣ እያለዘበ የሚያወራው ሃሪሰን ነው። ሦስተኛው ዜማ አይፈልግም፤ አምፕሊፋየሩን አስጨንቆ ኮርዱን ይፈጨዋል። እሱ ሌነን ነው። በሦስተኛው ዙር ላይ በተለይ የሌነን ጊታር ያጉረመርማል። ይህን የቀረጹት እ.ኤ.አ. ነሐሴ (ኦገስት) 7 ቀን 1969 ነው፤ በማግስቱ ወጥተው ስቱዲዮው ደጅ ባለው ዜብራ ላይ ሲሻገሩ ያንን የአልበም ሽፋን ፎቶ ተነሡ። ሥራ ላይ በጭቅጭቅ የሚታወቁ ሰዎች በነዚያ ጥቂት ሰከንዶች እንዴት ተደማምጠው እንደተቀባበሉ ስሰማ፣ ያን ዕለት ማንም ስለ ክላይን ያነሣ አይመስለኝም።

ስለ ጊታሩ ጠይቀው ስለ ድራሙ ባልናገር ግን የድሮ ጓደኞቼ ይታዘቡኛል። ከጊታሮቹ በፊት ያለችው የድራም ሶሎ ሪንጎ ስታር ከቢትልስ ጋር የተጫወታት ብቸኛዋ ሶሎ ናት። ሪንጎ ሶሎ አይወድም ነበር፤ ለምነው ነው ያስገቡት። በዚያን ጊዜ የገዛው አዲስ ድራም ቶሞቹ (በእጅ የሚመቱት ከበሮዎች) የጥጃ ቆዳ የተወጠረባቸው ነበሩ፤ ያ ወፍራም፣ ሥጋ ያለው ድምፅ ከቆዳው ነው። የፕላስቲክ ቆዳ እንዲህ አይናገርም። እሱ ሲጫወት ጊታርና ታምቡሪንም አብረው ነበሩ፤ ኋላ ሚክስ ሲደረግ ሁሉም ወጥተው ድራሙ ብቻውን ቀረ።

ወጣት ድራመሮች «ይቺንማ እኔም እመታታለሁ» ይላሉ። እስቲ ምቱዋት። እግሩን አዳምጡ፤ ባስ ድራሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ እንደ ልብ ምት ይመታል። እጆቹ ከላይ ቶሞቹን ያስወራሉ። በኛ ባንድ ሶሎ ሲሰጥህ ያለህን ሁሉ አውጥተህ፣ ሲምባሉን ሰብረህ፣ ሰው አጨብጭቦልህ ነበር የምትወርደው። ሪንጎ ሲምባል እንኳ ሳያበዛ አልፎ ጊታሮቹን አስገባቸው። እኔ ከሱ ሶሎ ጋር አብሬ ለመምታት የተቀመጥኩ ቀን ሁሉ እግሬ ይፈጥንብኛል።

ጥያቄ፦ ሜድሊው ስንብት ነው ይባላል። ባንዱ እንደሚበተን እያወቁ ነው የሠሩት ወይስ እኛ ነን ስንብት ያደረግነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለበት። ቀኖቹን ልደርድርልዎ። አራቱም አንድ ላይ ስቱዲዮ የገቡበት የመጨረሻው ቀን እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 1969 ነው። አልበሙ እንግሊዝ አገር የወጣው ሴፕቴምበር 26 ነው፤ በኛ መስከረም 16 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ የደመራ ዕለት መሆኑ ነው። ሌነን መውጣቱን ለጓደኞቹ የነገራቸው በዚያው ወር ሲሆን ዓለም መለያየታቸውን የሰማው በሚቀጥለው ኤፕሪል ነው። «ሌት ኢት ቢ» የተባለው አልበም ቀጥሎ ቢወጣም አብዛኛው ከ«አቤይ ሮድ» በፊት ተቀርጾ የተቀመጠ ነበር። ስለዚህ በሥራ ቅደም ተከተል የመጨረሻቸው ይህ ነው።

«ዚ ኤንድ» የሚለውን ስም ግን ብዙ አያክብዱበት። ሲሠሩበት የነበረው ስም «መጨረሻ» እንደማለት ነበር፤ የሜድሊው መዝጊያ ስለሆነ። ጥሩ የሥራ ስም ነው። የቀረውን ሐዘን የጨመርንበት እኛ ነን፤ መበተናቸውን አውቀን ስለምንሰማው። ይሁንና «ጎልደን ስለምበርስ» ወደ ቤት የሚመልስ መንገድ ድሮ ነበረ ብሎ ሲጀምር፣ ከዚያ ቀጥሎ ስለሚሸከሙት ሸክም በኅብረት ሲዘፍኑ፣ ነገሩ ጠርቶ አልታያቸውም ብዬ ለመማል አልደፍርም። የገንዘቡን ዜማ እዚያ ሸክሙ መሐል መልሰው ማስገባታቸው ራሱ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የድሮ ሸክላ ሰብሳቢ ነው። «አቤይ ሮድ» አልቆ መርፌውን ላነሣ ስሄድ ድንገት ጧ! ብሎ አንዲት አጭር ዘፈን ትጀምርና እሷም ሳትጨርስ ትቋረጣለች። እኔ ሸክላው ተበላሽቷል እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ይስቅብኛል። ሽፋኑ ላይም አልተጻፈችም። ምንድን ናት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ሸክላው ደህና ነው፤ ባለቤትዎም ከመሳቅ ቢያስረዱዎት ይሻል ነበር። ዘፈኗ «ኸር ማጀስቲ» ትባላለች፤ ስለ ንግሥቲቱ የምትቀልድ፣ ፖል በጊታር ብቻውን የተጫወታት፣ ግማሽ ደቂቃ የማትሞላ። ቦታዋ መጨረሻ ላይ አልነበረም። ሜድሊው ለሙከራ ሲገጣጠም በ«ሚን ሚስተር መስታርድ» እና በ«ፖሊቲን ፓም» መካከል ነበረች። ፖል ሲሰማት እዚያ ቦታ ላይ አልጣመችውም፤ ቁረጧትና ጣሏት አለ።

ቴፑን የሚቆርጠው ጆን ከርላንደር የተባለ ወጣት የስቱዲዮ ረዳት ነበር። ከቢትልስ ቅጂ ምንም ነገር እንዳይጥል በአለቆቹ ተነግሮታል። ቆርጦ ያወጣትን አንሥቶ፣ እንዳትቀላቀል ሃያ ሰከንድ ያህል ድምፅ የሌለበት ቀይ ቴፕ አስገብቶ፣ ከጥቅሉ መጨረሻ ላይ ለጠፋት። ቴፑ ለሙከራ ሸክላ ሲሄድ እሷም አብራ ታተመች። ፖል ሰምቷት ሲያበቃ በድንገት መምጣቷን ወደደው፤ በዚያው ቀረች። ከዝምታ በኋላ የምትመጣው ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ሽፋን ላይ ስሟ አልተጻፈም ነበር።

የሚያስደነግጥዎ ጧታ የሷ አይደለም። የ«ሚን ሚስተር መስታርድ» የመጨረሻ ኮርድ ነው፤ ሲቆረጥ አብሯት መጣ። መጨረሻዋ የተቋረጠው ደግሞ የመጨረሻዋ ኮርድ በ«ፖሊቲን ፓም» መጀመሪያ ሥር ተውጦ ስለቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የጆርጅ ማርቲን ልጅ ጃይልስ ማርቲን ለ50ኛ ዓመቱ ባዘጋጀው እትም ውስጥ ያ የሙከራ ሜድሊ «ኸር ማጀስቲ»ን በድሮ ቦታዋ ይዞ ወጥቷል። አዳምጬዋለሁ፤ ፖል ልክ ነበር። ሁለቱ የሌነን ዘፈኖች መሐል ገብታ ሩጫቸውን ታቆማለች። አሁን ያለችበት ይሻላታል፤ ከትልቁ ኦርኬስትራ በኋላ ሰውዬው ከበር ተመልሶ ቀልድ የጨመረ ነው የምትመስለው።

ጥያቄ፦ ልጄን ልጠይቅ ለንደን እሄዳለሁ። ዜብራው ላይ ፎቶ መነሣት ይቻላል? እንዴት ነው የሚኬደው? (ከቦሌ)

መልስ፦ ይቻላል፣ ክፍያም የለውም። በጁቢሊ መስመር ሴንት ጆንስ ውድ ጣቢያ ይውረዱና ጥቂት በእግር ይሂዱ። አደራ፣ ካርታው ላይ «አቤይ ሮድ» የሚል ጣቢያ አይተው እዚያ እንዳይወርዱ፤ እሱ በምሥራቅ ለንደን ያለ ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙ ቱሪስት ያታልላል። መሻገሪያው ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ በቅርስነት ተመዝግቧል። ስቱዲዮው በጊዜው ኢኤምአይ ስቱዲዮ ነበር የሚባለው፤ «አቤይ ሮድ» የሚለውን የአሁኑን ስሙን ያገኘው ከአልበሙ በኋላ ነው። ሥራ ላይ ስለሆነ ውስጥ አያስገቡዎትም፤ ጎኑ ግን ሱቅ አለ፤ የፊት ግንቡ ላይም አድናቂዎች ስማቸውን ይጽፋሉ፣ በየጊዜው በነጭ ቀለም ይቀባል፣ እንደገና ይጻፍበታል። መንገዱ አውቶቡስ የሚመላለስበት ነው። ሾፌሮቹ በየቀኑ ስለሚቆሙ ተሰላችተዋል፤ ጡሩንባ ቢነፉብዎ አይቀየሟቸው፣ ቶሎ ተሻግረው ፎቶውን ልጅዎ ያንሣዎት። ጫማዎን ማውለቅ ከፈለጉ እንደ ፖል፣ ካልሲዎን አብረው ያውልቁ።